በቁጥር የሚገባ፣ በሚዛን የሚወጣ ገንዘብ
የማርያ ትሬዛ ብር ከባሌ ደጋ እስከ በናድር ጠረፍ

ገንዘብን በወርቅ ወይም በብር መልክ ይዞ ድንበር መሻገር ለሀገራችን ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። የባሌ ሲራራ ነጋዴ ከመቶ ዓመት አስቀድሞ ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። ዛሬ ሮቤና ገሰራ ካሉበት ደጋ የተነሣው ዕቃ ወደ ጊኒር ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያም ከአንዱ ቅፍለት ወደ ሌላው እየተላለፈ በገናሌ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ሉግ፣ ከሉግም ወደ በናድር ወደቦች ይዘልቃል። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ሲሄድ አቡጀዲው ይመለሳል፤ ሒሳቡን የሚዘጋው ግን በሁለቱም ጫፍ የታወቀው የማርያ ትሬዛ ብር፣ ማለት ጠገራው ነበር።

የዚህ ብር ክብደት 28.07 ግራም ሲሆን ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው። ንግሥቲቱ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀርቷል። የኛ ሰው ሲቀበል በምስሉ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቊ እየቈጠረ፣ ዘጠኝ ካልሞላ ወይም ከታሸ አልቀበልም ይል ነበር። የውጭ ሰዎች በዚህ ይሣለቁ ነበር፤ ነገር ግን መታሸት ማለት ብር መጉደል ስለሆነ ጥንቃቄው ሞኝነት አልነበረም። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን የተጻፈው «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚለው ቃልም ዳሩ ቢሞረድ ወዲያው ያሳብቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን እዚህ ላይ ነው። ጠገራው በጊኒር ገበያ የሚሄደው በቁጥር ነበር፤ አንዱ ብር አንድ ብር ነው። ከድንበር ማዶ ግን ሚዛን ይጠብቀዋል። ኢጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1910 ለሶማሊያ ያወጡት ሩፒያ 11.66 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሑም 10.69 ግራም ነው። እንግዲህ አንዱ ጠገራ የሚይዘው ብር ከሩፒያው ሁለት እጥፍ ከአምስት አንድ እጅ ግድም ይሆናል። መንዛሪው ስለ አንድ ጠገራ ሁለት ሩፒያ ብቻ ቢሰጥ፣ ባለ ገንዘቡ በመቶ ጠገራ የ19 ሩፒያ ግድም ብር ትቶ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሳያሰላ ኬላ የተሻገረ ሰው በአቡጀዲው ያገኘውን ትርፍ በምንዛሪው ሊያጣ ይችላል።

ዋጋውም አንድ ቦታ አይቆምም። በታኅሣሥ 1925 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ትሮይ አውንስ ብር 25 የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አያወጣም ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ብር መግዛት ሲጀምር በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. እስከ 81 ሳንቲም ወጣ። በዚህ ሒሳብ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር ከ19 ሳንቲም ግድም ተነሥቶ 61 ሳንቲም ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠገራው ከገበያ ይልቅ ወደ ማቅለጫ መሸሹ አይቀርም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማስመታት ጀመረች፤ በማግሥቱም ዓመት ለንደን ተከተለች። ስለዚህ 1780 የሚል ጠገራ ሁሉ የጥንት ነው ብሎ እንደ ብርቅ ዕቃ የሚገዛ ባለሱቅ ይጠንቀቅ፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች።

የመጓጓዣውም ነገር ቀላል አልነበረም። ሁለት ሺህ ጠገራ 56 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ለአንዲት በቅሎ ደኅና ጭነት ነው። ወርቅ የሚፈለገው ስለዚህ ነበር። የወርቅ መመዘኛ የሆነው ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት ያህል ስለሆነ፣ ጠገራው ገንዘብም የሚዛን ድንጋይም ሆኖ አገልግሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ያስመቱት የወርቅ ገንዘብ 7 ግራም፣ ማለት የወቄት ሩብ ነበረ። የብር ገንዘባቸውን ግን ሕዝቡ በጠገራው ለመለወጥ አመንትቶ ነበር፤ ጠገራው በሕግ ቦታውን የለቀቀው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜም የብረት ድምፅ ለለመደ ጆሮ ሲባል አምሳ ሳንቲሙ ከብር ተመታ።

ዛሬ ወርቅ የሚገዛ ሰው የሚያሰላው ሒሳብ ያው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ባለ 200 ብር የወርቅ መታሰቢያ 80 ግራም ቢመዝንም ንጹሑ 72 ግራም ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ ከ33.93 ግራሙ 31.1 ግራሙ ብቻ ንጹሕ ወርቅ ነው። ሻጭና ገዢ ስለ ክብደት ሲነጋገሩ ስለ የትኛው እንደሚናገሩ አስቀድመው ይወስኑ። ወርቅን ለጉምሩክ ሳያስታውቁ ማሳለፍ ኮንትሮባንድ ነው። የቆየ ገንዘብ ደግሞ ከቅርስ ሊቈጠር ስለሚችልና በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ የምኒልክን ወርቅ ለውጭ ገዢ ሊያሳይ የሚያስብ ነጋዴ ስለ ፈቃዱ የሚጠይቀው ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ነው።