ሲጋራና ካንሰር

«ካንሰር ከያዘኝ ወዲያ ሲጋራ ብተው ምን ይጠቅመኛል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ለምን እንደሆነ እንመልከት።

ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። ካንሰር ማለት አንዳንድ ሕዋሳት እንደ አረም ከልክ በላይ እየበዙ ጤነኞቹን ሲያጠቁ የሚመጣ በሽታ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7000 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከነዚህ 70 ያህሉ ካንሰር ያመጣሉ። ሳንባን፣ አፍን፣ ጉሮሮንና ፊኛን ይጎዳሉ። ጋያም ቢሆን ያው ትምባሆ ነው፤ አይሻልም።

ታዲያ በሕክምና ላይ ያለ በሽተኛ ቢያጨስ ምን ይሆናል? ሲጋራ የደም ሥርን ያጠባል። በዚህ ምክንያት የኦፕራሲዮን ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ ሊያመረቅዝም ይችላል። ደግሞም ጭሱ በደማችን ውስጥ ያለውን ኦክሲጂን ይቀንሳል። ኦክሲጂን ሲያንስ የጨረር ሕክምና ካንሰሩን በደንብ አይገድለውም። እየታከሙ ማጨስ አረም እየነቀሉ መልሶ የአረም ዘር እንደ መበተን ነው።

ማጨስ የተወ ሰው ግን ይጠቀማል። ሳይታመም ከተወ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ማጨስ ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ታሞም ቢተው ሕክምናው ይበልጥ ይሠራለታል።

ስለዚህ ከቤታችን የሚያጨስ በሽተኛ ቢኖር አንውቀሰው፤ እንዲተው እናግዘው። ሐኪሙም ሲጠይቀን ማጨሳችንን አንደብቅ። እንዴት እንደምንተው ሊረዳን የሚችለው እውነቱን ስንነግረው ነው።