ድምፁና ፈቺው

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። በዙሪያዋ ያለው የጎጃም ደጋ እንደ ዲማ፣ ጎንጅና ዋሸራ ባሉ ጉባኤ ቤቶቹ ስሙ የገነነ ነው። በዚህ አገር «እግዚአብሔር ለሰው ይናገራል ወይ?» ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ክርክሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የተሰማው ከእርሱ መሆኑን የሚለየው ማን ነው? የአገሩን እምነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ተአምራቱን ከመቁጠር ይልቅ ይህን ጥያቄ ቢከተል የተሻለ ያያል ባይ ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች፤ ጥንታዊ ንባባቸው በግእዝ ሆኖ የሊቃውንቱ ትርጓሜ በአማርኛ ነው። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ኃይለ ቃል ሲፈታ በአንድ ፍቺ አይረካም። «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ትምህርቱ በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት ተከፍሎ ዓመታት ይፈጃል፤ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃሉ ይይዘዋል። እንግዲህ እግዚአብሔር የተናገረውን ብቻውን አንብቦ «ገባኝ» የሚል ሰው በጉባኤ ቤት ዓይን ገና አልጀመረም።

ይሁንና መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለሰው ራሱ የጎጃም ሰው ነው። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው አብርሃም ካይሮ ላይ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ትርጉሙን ፈጸመ፤ በ1819 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ሞተ። የድካሙን ፍሬ በኅትመት አላየም፦ ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያለ መምህር ማንበብ የሚችልበት በር ተከፈተ። ፈቺው ማን እንደሆነ በኋለኛው ዘመን ለተነሣው ውዝግብ አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

የምእመኑን ቤት አዘውትሮ የሚጎበኘው ግን ሕልም ነው። ስለቱን የዘነጋ ሰው ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ያያል፤ ልጇ የታመመባት እናት አንዲት ነጭ የለበሱ ሴት «ጠበል ውሰጅው» ሲሏት ትሰማለች። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ስለሚባልም ለክፉ ፈቺ አይነገርም፤ የሚነገረው ለንስሐ አባት ወይም ለታመነ ሽማግሌ ነው። ሊቃውንቱ ዘንድ ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉትን የመነኮሳት መጻሕፍት የተማረ መነኩሴ ራእይ አየሁ ብሎ ከመደሰቱ በፊት እንዲፈራ ተነግሮታል፤ ሰይጣንም የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋልና። ጠበል ቦታ የቆመ ሰው ይህን በጆሮው ይሰማዋል። እዚያ ጮኾ የሚለፈልፈው ርኩስ መንፈስ ነው፤ ካህኑ በመስቀል እየዳሰሰ ማንነቱን ያናዝዘዋል፣ እንዲወጣም ያስምለዋል። እግዚአብሔር የሚታወቀው ድምፅ በማሰማት ሳይሆን በሽተኛው ድኖ ሲነሣ ነው።

ስለት ደግሞ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ንግግር ነው። ሰው ይሳላል፤ የተመኘው ሲደርስለት መልስ አገኘሁ ይላል፤ በንግሥ ዕለት ጃንጥላውን፣ መጋረጃውን ወይም ሙክቱን ይዞ ይመጣል፣ ስሙም በሕዝብ ፊት ይጠራለታል። የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረቱ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዚህን ነገር ሸክም አሳይተዋል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የሰጡት የስለት ልጅ ነው፤ ቃሉን የገቡት እነርሱ፣ የሚታሰርበት እርሱ። ስለዚህ ጉዳይ ከብዙ ድርሳን ይልቅ ይህን ልብ ወለድ ባነብ እመርጣለሁ።

ትንቢትም ፈቺ አያጣም፤ አንዳንዴ ፈቺው ጎራዴ የታጠቀ ይሆናል። የትንቢት መጽሐፉ ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። ከዚህ ሁሉ የሚለየው በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ነው፤ የፈጣሪ ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ልቡና ውስጥ ስላለ መርምሮ ማወቅ ይቻላል ባይ ነው። የጽሑፉ ደራሲ ማንነት ዛሬም ሊቃውንትን ያከራክራል።

ከጎጃም ወጣ ሲባል መልኩ ይቀየራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ሲሆን በአማራ ክልል ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተማሪዎች መካከል የተስፋፋው የጴንጤቆስጤ መነቃቃት የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን ወለደ፤ ቆይቶም መካነ ኢየሱስን የመሳሰሉትን ነባር አብያተ ክርስቲያናት አዳረሰ። በዚያ ወገን «ጌታ ተናገረኝ» ማለት የአዘቦት ንግግር ነው፤ ልሳን የሚናገር፣ የሚተረጉም፣ ትንቢት የሚያመጣ ምእመን ከወንበሩ ይነሣል። ጳውሎስ ትንቢትን ሳይንቁ ሁሉን እንዲመረምሩ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን ስለሚያውቁ፣ መልእክቱን ከመጽሐፉ ጋር የማስተያየቱ ኃላፊነት የሽማግሌዎች ነው። «ነቢይ» ነኝ ባዩ የራሱን ቴሌቪዥን ሲከፍት ግን ሽማግሌውም ከእርሱ ደመወዝ የሚቀበል ይሆናል።

ኦርቶዶክሱም ወገን ከዚህ አላመለጠም። ከገዳም ወጣሁ የሚል ባሕታዊ ድሮ ገበያ መሀል ቆሞ «ንስሐ ግቡ» ይል ነበር፤ አሁን ቃሉ በስልክ ተቀርጾ ይዞራል፤ ካህናቱም «ከየትኛው ገዳም? በማን ፈቃድ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተንቀሳቃሽ ምስሉ ግን ጥያቄው ከመድረሱ በፊት ሌላ አገር ገብቷል።