ከፎቶው ጠርዝ ውጭ የቀረው

በካናቴራ፣ በባንዲራና በግድግዳ ላይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የቼ ጉቬራ ፎቶ ሲነሣ፣ በምስሉ ውስጥ ቼ ብቻውን አልነበረም። ኩባዊው አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. በማርች 1960 ሃቫና ውስጥ፣ በላ ኩብር መርከብ ፍንዳታ ለሞቱት በተደረገ ሥነ ሥርዓት ላይ ባነሣው ፎቶ፣ በአንዱ ጎን የሌላ ሰው ፊት፣ በሌላው ጎን የዘንባባ ቅጠል ገብቷል። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ አወጣቸው። ቼ በአንድ ስብሰባ ላይ የተገኘ ባለሥልጣን መሆኑ ቀርቶ፣ ቦታና ሰዓት የማይታወቅበት፣ አሻግሮ የሚያይ ፊት ሆነ። የተጨመረ ነገር የለም፤ ትርጉሙን የለወጠው የተቀነሰው ነው። ባለሙያዎች ኮምፖዚሽን የሚሉት የፎቶ ቅንብር ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማሳመሪያ ጥበብ ብቻ አይደለም። ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የገባውስ ከምን አጠገብ ይሁን ብሎ መወሰን ነው። ከሦስቱም የሚከብደው ማስወጣቱ ነው።

ለዚህ አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ ውስጥ ያነሣቻቸው ፎቶዎች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ላንግ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናትን ከነልጆቿ ደጋግማ አንሥታለች። ራቅ ብላ ባነሣቻቸው ላይ ድንኳኑ፣ ዕቃውና ትልቋ ልጅ ይታያሉ፤ ተመልካቹ ስለ ሰፈሩ ብዙ ያውቃል፣ ዓይኑ ግን የሚያርፍበት ያጣል። ዝነኛ በሆነው ፎቶ ላይ ድንኳኑ ከጀርባ ካለ ጨርቅነት አያልፍም፤ ትልቋ ልጅም የለችም። ሁለቱ ሕፃናት ፊታቸውን ወደኋላ አዙረው እናታቸውን ተደግፈዋል፤ ጨቅላው እቅፏ ውስጥ ነው፤ እጇ አገጯን ነክቷል። ልጆቹ ወደ ካሜራው ቢያዩ ኖሮ ሦስት ፊት ትኩረታችንን ይሻማ ነበር። ስላዞሩ ግን ጭንቀቱ ሁሉ በአንዲት ሴት ፊት ላይ ተሰበሰበ።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ለምን ያስፈልጋል፣ ሕጉ በስልካችን ላይ ተሠምሮ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ምስሉን ቁመትና ወርዱን ለሦስት ለሦስት የሚከፍሉት መሥመሮች በርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሁሉን ነገር መሐል ላይ የመደንቀር ልማድን ያስቀራሉ። ነገር ግን የሦስትዮሽ ሕግ የሚባለውን እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797፣ ካሜራ ለሕዝብ ከመቅረቡ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ የጻፈው ለገጠር ሥዕል ነው። ሕጉ የት እንደምናስቀምጥ ይመክራል፤ ማን መቀመጥ እንዳለበት አይነግረንም። የላንግ እናት ፊት ወደ መሐል የተጠጋ ነው፤ ፎቶው ግን በዚህ አልደከመም።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ቆርጦ ማስተካከል ስለሚቻል ሲነሣ መጨነቅ አያሻም የሚለው ነው። የኮርዳ ፎቶ ይህን የሚደግፍ ይመስላል። ፎቶ መቁረጥን የማይወደው ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን እንኳ በ1932 ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ውኃ ሊዘል የተወረወረውን ሰው ያነሣበትን ፎቶ ቆርጦታል፤ በአጥር ክፍተት ስላነሣ ጠርዙ ተከልሎ ነበር። መቁረጥ ግን ጠርዝን ብቻ ነው የሚነካው። የዘላዩ ተረከዝ ውኃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የተያዘው በቅጽበቱ ነው። ከሰው ራስ ላይ የበቀለ የሚመስልን የመብራት እንጨትም ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ያስቀረዋል፤ መቀስ ግን ራስን ሳይነካ አያወጣውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሥነ ምግባሩ ነው፤ ማስወጣት መዋሸት አይደለም ወይ? ላንግ የድንኳኑን እንጨት የያዘ አውራ ጣት ኋላ ከነጋቲቩ ላይ እንዲደበዝዝ አድርጋለች፤ ይህ የነበረን እንዳልነበረ ማድረግ ስለሆነ ከቅንብር የተለየ ነው። ቅንብር ግን የግድ ምርጫ ነው፤ ጠርዝ የሌለው ፎቶ የለምና። ሆኖም ምርጫ ዕዳ አለበት። የእናቲቱ ስም ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በፎቶው መታወቋንም አልወደደችውም። ዕዳውን ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተነሡት ምስሎች እውነት ነበሩ፤ እርዳታም አስገኝተዋል። ነገር ግን እነዚያው ምስሎች ብቻ ለዓመታት ሲደጋገሙ፣ ከጠርዙ ውጭ የቀረው አገር ሁሉ የሌለ መሰለ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል የአፍሪካ ምስል በራሷ ልጆች ዓይንም እንዲታይ መድረክ ከፍቷል።

ስለዚህ ቁልፉን ከመጫን በፊት ዓይን ከመሐሉ ተነሥቶ አራቱንም ጠርዝ ይዙር። እዚያ ያለው ነገር ሁሉ ለምን እንደገባ ይጠየቅ፤ መልስ የሌለው ይውጣ። ከዚያም የወጣው ነገር ቢመለስ የፎቶው እውነት ይለወጥ እንደሆነ ይመዘን። ከለወጠው፣ የጎደለው እውነት ነው፤ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ማስገባት ይገባል።