ነገር ማብሰልሰልና የዕለት ደስታችን

ብዙዎቻችን ደስታን የሚነሳን ትልቅ መከራ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በአብዛኛው ቀናችንን የሚያበላሸው ትንሽ ነገር ከደረሰብን በኋላ በውስጣችን የምናደርገው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከመጥፎ የአስተሳሰብ ልማዶች አንዱን፣ ማለትም ማብሰልሰልን ብቻ አንስቼ ለማብራራት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ማብሰልሰል ምንድን ነው? አንድ ተማሪ ጠዋት ጓደኛው ሰላም ሳይለው አለፈ እንበል። ነገሩ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ተማሪው ግን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ «ምን አድርጌው ነው?» ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ «ድሮም ይንቀኛል» ይላል። ማታ ዶርም ገብቶ ብርድ ልብሱን ሲከናነብ ደግሞ «እኔን ማን ይወደኛል?» ላይ ይደርሳል። ምሳ ምን እንደበላ ቢጠየቅ አያስታውስም። እንግሊዝኛው ለዚህ ልማድ የሰጠው ስም ከከብት ማመንዠክ የመጣ ነው፤ እርግጥ ላሟ ያመነዠከችው ሣር በመጨረሻ ይፈጫል፣ የእኛው ግን አይፈጭም።

በዚህ ጉዳይ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ናቸው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ በመጠይቅ ካጠኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1989 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከ10 ቀንና ከ7 ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹን እንደገና ሲጠይቋቸው፣ ቀድሞውንም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ተደብተው ተገኙ። ከአደጋው በፊት የነበራቸው ስሜት ታሳቢ ተደርጎ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ያዘነ አእምሮ ከትዝታው መካከል ቶሎ የሚያገኘው አሳዛኙን ነው። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያብሰለስል ሰው መፍትሔ እየፈለገ ያለ ስለሚመስለው ልማዱን እንደ ብልህነት መቁጠሩ ነው። እኚሁ ተመራማሪ ከሶንያ ሊዩቦሚርስኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ድብርት ያለባቸው ተማሪዎች ለ8 ደቂቃ ያህል ስለ ራሳቸውና ስለ ስሜታቸው እንዲያስቡ ሲደረግ ለችግሮች ያቀረቡት መፍትሔ ደካማ ሆነ። ለዚያኑ ያህል ጊዜ ሐሳባቸው ወደ ሌላ ነገር የተወሰደላቸው ግን ድብርት ከሌለባቸው ተማሪዎች አላነሱም። 8 ደቂቃ ብቻ!

እኛ አገር ለቅሶ ቤት ካርታ የሚጫወቱትንና ወግ የሚያወጉትን «ሐዘን አያውቁም» ብለው የሚነቅፉ ወጣቶች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዘንተኛውን ብቻውን ትቶ ሲያብሰለስል እንዲያድር ከማድረግ ይሻላል።

ታዲያ ማሰብ ይቅር ማለቴ አይደለም። ልዩነቱን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጥያቄው የሚሠራ መልስ አለው ወይ? «ትናንት ምን ሆነህ ነበር?» ብሎ ጓደኛን መጠየቅ ይቻላል። «ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ ላይ?» ለሚለው ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢጠበቅም መልስ አይመጣም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲጀምራችሁ ተነሥቶ መውጣት፣ ኳስ መጫወት፣ ልብስ እንኳ ማጠብ ይረዳል። መጠጥና ጫትም ለጊዜው ያስረሳሉ፤ ሲለቁ ግን ድብርቱን ጨምረው ስለሚተዉት ከዚህ አልቆጥራቸውም። እንቅልፍና ምግብ ከተከለከሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ካለ ደግሞ ጓደኞቹ ምክር ከማብዛት ይልቅ አብረውት ሐኪም ቤት ቢሄዱ ይሻላል።