ድንገተኛ ሞት የደረሰበት ቤት

መኪና ተገልብጦ ወይም የጉድጓድ አፈር ተደርምሶ ሰው ሲሞት፥ ሐዘንተኛውን ይበልጥ የሚያቆስለው «ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ነው። ጌታችን ለዚህ መልስ ሰጥቷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ (ሉቃ. 13፥4-5)።

የኢዮብ 10 ልጆች ቤት ተደርምሶባቸው ካለቁ በኋላ ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ፥ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የከፉት ምክንያት መዘርዘር ሲጀምሩ ነው! «አማኝ አያለቅስም» የምትሉ ወገኖችም አስቡ፤ ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣ እየሄደ እንኳ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። የትንሣኤን ተስፋ ከዕንባ ጋር መናገር ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የለቅሶው ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ያለው ወር ነው፤ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች በቤቱ እህል መኖሩን ሄደው ይዩ።