ዜሮ ከየት ወገን ነው?

በመቁጠሪያ ቁጥሮችና በሙሉ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መቁጠሪያ ቁጥሮች 1፣ 2፣ 3 እያሉ ያለ ማብቂያ ይቀጥላሉ፤ 0 ሲጨመርባቸው ሙሉ ቁጥሮች ይባላሉ። ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞ ፈተናውን ያልፋል። እኔ ግን በሒሳብ ታሪክ ውስጥ እንደዚህች አንዲት ቁጥር የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አላስፈለገውምም። ለአምስት ፭፣ ለሃምሳ ፶፣ ለመቶ ፻ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው 205 ሲጻፍ ፪፻፭፣ 250 ደግሞ ፪፻፶ ይሆናል፤ የሚምታታ ነገር የለም። ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ ግን ዜሮን ብናወጣ 25ን፣ 205ንና 250ን መለየት አይቻልም።

ሆኖም ባዶ ቦታ መያዝ ሌላ፣ ራሱን የቻለ ቁጥር መሆን ሌላ ነው። ህንዳዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 በጻፈው መጽሐፍ ዜሮ የሚደመርበትን፣ የሚቀነስበትንና የሚባዛበትን ሕግ አወጣ። ቁጥር ከራሱ ላይ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል አለ። በመቁጠሪያ ቁጥሮች ብቻ ለሚያሰላ ሰው 7 ሲቀነስ 7 መልስ የለውም፤ በሙሉ ቁጥሮች ግን አለው። (5 ሲቀነስ 8 በሁለቱም ዘንድ መልስ አያገኝም፤ ለእሱ ነጌቲቭ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ።)

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ+4 የሚባለውን ሕንፃ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ወለሎቹ አምስት ናቸው፤ ምድር ቤቱ ግን በቁጥር ውስጥ አይገባም፤ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከእሱ በላይ ያለው ነው። ምድር ቤቱ የዜሮን ቦታ ይዟል። አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው ያው ምድር ቤት አንደኛ ፎቅ ይባላል።

የሒሳብ ሊቃውንትም በዚሁ ይለያያሉ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔያኖ እ.ኤ.አ. በ1889 የቁጥሮችን መሠረት ሲጥል ከ1 ጀመረ፤ በኋለኞቹ ሥራዎቹ ወደ 0 ዞረ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የሒሳብ ምልክቶች ደረጃም ዜሮን ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ይደምራል። የቁጥሮችን ጠባይ የሚያጠኑት ብዙዎቹ ግን ዜሮን መተው ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም በቂ ነው። ከ1 በላይ ያለ ማንኛውም ቁጥር፣ እንደ 12 = 2 × 2 × 3፣ ወደ ዋና ቁጥሮች ይተነተናል፤ ዜሮ አይተነተንም።

ታዲያ ዜሮ የተጨመረበት ስብስብ በብዛት ይበልጣል? አይበልጥም። 1ን ከ0፣ 2ን ከ1፣ 3ን ከ2 ጋር እያጣመርን ብንሄድ ከሁለቱም ወገን ጥንድ የሚያጣ ቁጥር አይገኝም።