አወዛጋቢ ታሪኮች በኦፔራ መድረክ፦ ከላስታ ታሪክ ምን ይገኛል?

ኦፔራ ንግግር በዜማ፣ ስሜት በኦርኬስትራ፣ ድርጊት በትወና የሚገለጽበት የመድረክ ጥበብ ሲሆን፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በጣሊያን የተጀመረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደራሲያን ታሪካቸውን ከጥንት ግሪክ አፈ ታሪክ ይቀዱ የነበረ ቢሆንም፣ ጥበቡ በእውን ወደነበሩና ወደሚያወዛግቡ ሰዎች ሕይወት ለመዞር ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ እ.ኤ.አ በ1643 በቬኒስ ለመድረክ ያበቃው ኦፔራ የሮማውን ቄሣር የኔሮንንና የፖፔያን ታሪክ የሚተርክ ነበር።

በዘመናችን ይኸው ልማድ በቅርብ ዘመን ሰዎች ላይ ተጠናክሮ ቀጥሏል። የአንቶኒ ዴቪስ ኦፔራ የማልኮም ኤክስን ሕይወት እ.ኤ.አ በ1986 በኒውዮርክ ያቀረበ ሲሆን፣ የጆን አዳምስ ሥራ ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቻይና ያደረጉትን ጉብኝት በ1987 በሂዩስተን ለመድረክ አብቅቷል። በ2006 የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ የሊቢያውን መሪ የሙአመር ጋዳፊን፣ በ2011 ደግሞ በለንደን የሚገኘው ሮያል ኦፔራ ሐውስ የአሜሪካዊቷን ሞዴል የአና ኒኮል ስሚዝን ሕይወት አሳይተዋል።

እነዚህ ሥራዎች አንድ ከባድ ጥያቄ አስነስተዋል። ይኸውም አንድ ሰው ለአንዱ ወገን ጀግና፣ ለሌላው ደግሞ በዳይ ሆኖ ሲገኝ መድረኩ ለማን ድምፅ ይስጥ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ በ1985 አኪሌ ላውሮ በተባለች መርከብ ላይ በጠላፊዎች የተገደሉት የሊዮን ክሊንግሆፈር ታሪክ በ1991 በጆን አዳምስ ኦፔራ ሆኖ ሲቀርብ፣ ጠላፊዎቹም ምክንያታቸውን በዜማ እንዲያሰሙ መደረጉ ቅሬታ አስከትሏል። የሟቹ ልጆች ሥራውን የተቃወሙ ሲሆን፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ2014 መድረኩን ቢቀጥልም በሲኒማ ቤቶች ሊያሰራጨው የነበረውን ዝግጅት ሰርዟል።

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ለዚህም ከሁሉ የሚጎላው ምሳሌ የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። ግርማቸው ተክለሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረመድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ልብ ወለዶቻቸው የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው ለደራሲያኑ የማይነጥፍ ምንጭ ሆኗል።

ሆኖም ያው ታሪክ ከላስታና ከዋግ ተራሮች ሲታይ መልኩ ይለወጣል። የዋግሹም ጎበዜ አባት ዋግሹም ገብረመድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በሞት የተቀጡ ናቸው። ልጅየው ከዚህ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሸፍተው አካባቢውን በእጃቸው አስገብተዋል፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲያመራም እንቅፋት አልሆኑበትም። ይህ ድርጊት የአባትን ደም መበቀል ነው ወይስ ለባዕድ ጦር መንገድ መልቀቅ የሚለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

ዋግሹም ጎበዜ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ዐፄ ተክለጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ዘመናቸው ግን ረጅም አልነበረም። ሐምሌ 1863 ዓ.ም በዓድዋ አቅራቢያ በአሰም ሲዋጉ ድል የነሷቸው የባለቤታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ ወንድም ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። በባልና በወንድም መካከል የቆመች እህት፣ የአባቱን ደም የተሸከመ ልጅ፣ ለሥልጣን የሚፋለሙ አማቾች በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። የኦፔራ ደራሲያን አጥብቀው የሚሹት ጉዳይም ይኸው ነው።

የተክለጊዮርጊስ ዘር የሚመዘዘው ከዛጉዌ ነገሥታት ሲሆን፣ የዚህ ሥርወ መንግሥት ታሪክም ራሱ ሁለት ገጽ አለው። እ.ኤ.አ በ1270 ሥልጣን የያዙት የይኩኖ አምላክ ወገኖች ዛጉዌን የማይገባውን ዙፋን የያዘ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ቤተ ክርስቲያን በአንጻሩ ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን በቅድስና ታከብራለች። እ.ኤ.አ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም የዚህ ወገን ቋሚ ምስክር ናቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚያስፈልገው የዜማ ሀብትም በእጅ ያለ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን መካከል ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ሽለላና ፉከራ የጦረኛውን፣ ሙሾ የሐዘንተኛይቱን፣ የአዝማሪ ሰምና ወርቅ ደግሞ የታዛቢውን ሕዝብ ድምፅ ሊወክሉ ይችላሉ። ማስተዋልን የሚሻው ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው የሚያሸበሽቡበት የ«ቤዛ ኩሉ» ሥርዓት ለዓይንም ለጆሮም ግሩም ቢሆንም፣ አገልግሎት እንጂ ትርኢት አይደለም። ስለዚህ ወደ መድረክ ሊወስደው የሚሻ ባለሙያ አስቀድሞ ከሊቃውንቱ ጋር መምከር ይኖርበታል።

የአገራችንን ዜማ ወደ ኦፔራ የማምጣት ሙከራም ተጀምሯል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቆይታው በቅዱስ ያሬድ ስም የሰየመውን ኦፔራ ከፊል ለአድማጭ አቅርቧል።

የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ መዝኖ ፍርድ ለመስጠት ይገደዳል። በኦፔራ ግን ሁለት ተቃራኒ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቃል ይዘው፣ በአንድ ዜማ ላይ ሊዘምሩ ይችላሉ። የመቅደላው ጀግናና የላስታው ወላጅ አልባ ልጅ በአንድ መድረክ ቢቆሙ፣ የአንዱ ክብር የሌላውን ሐዘን ሳይሸፍን ሁለቱም ይደመጣሉ። ታሪካቸውን በተለያየ ዓይን ለሚያዩ ወገኖች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።